የአደይ ለተብርሃን የመድኃኒት ቆርቆሮ

አንባቢ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ማወቅ ስላለበት፣ ማን እንደሆንኩ አስቀድሜ ልናገር። በወንበር ላይ ተቀምጬ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ዛሬ በአስመራ ሓዝሓዝ ሰፈር ያልገባው ወረቀት የደረሰው ሰው፣ የፍርድ ቤት መጥሪያም ይሁን የሐኪም ትእዛዝ፣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን ካንቸሎ፣ የግቢዬን በር ነው። ትግርኛን ከእናቴ አፍ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛን ከመድኃኒት ወረቀት አገኘሁ። የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ መጀመሪያ ያነበብኩት በእሱ ስለሆነ፣ ሐሳቤ ወደ ወረቀት ሲወርድ በዚያው መንገድ ይወርዳል። ስናገረው ጉሮሮዬ ስለሚያከብደው የሚስቁ አሉ። ስጽፈው የሳቀ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ጠጉሬ ከዕድሜዬ ቀድሞ ነጥቷል፤ የሰፈሩ ልጆች አቦይ በረኸት ይሉኛል። መልካም ስም ነው፣ አልጠላውም። የምኮራበት ማዕረግ ግን የተሰጠኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ያኔ በእዳጋ ሓሙስ ሰፈር በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰባት ቤተሰቦች ጤናቸውን በእኔ እጅ አስቀምጠው ነበር። ዶክተር ይሉኝ ነበር። ደህና በሆኑበት ቀን ለቀልድ ነው። ሲያማቸው የቀለደ የለም።

ባለፈው ወር በዚያ ግቢ በኩል አለፍኩ። እናት እንደማለት አደይ የምንላቸው የጎረቤታችን የለተብርሃን የልጅ ልጅ ቤቱን ልታስቀባ ዕቃ እያወጣች ነበር። አየችኝና አንድ ክብ ቆርቆሮ ይዛ መጣች፤ የጣልያን ቢስኮቲ የነበረበት፣ ክዳኑ ላይ የተሳለችው ሴት ፊቷ በዝገት የተበላ።

«አቦይ በረኸት፣ የአያቴ ነው። የአዝራር ማስቀመጫ ላድርገው ወይስ ልጣለው?»

ክዳኑን ከፈትኩት። ባዶ ነው። ሽታው ግን ተነሥቶ አፍንጫዬን መታኝ፤ የቫይታሚን ክኒን ሽታ፣ የካምፎር ሽታ፣ ከሥሩ ደግሞ ከሁሉም የቆየው የቢስኮቲ ቅቤ። እዚያው የግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ያመመኝ መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

በጦርነቱ ማብቂያ ከተማችን ተከብባ በነበረችባቸው ዓመታት መድኃኒት ከስኳር ይልቅ ብርቅ ነበር። ፋርማሲዎቹ ክፍት ነበሩ፤ መደርደሪያቸው ግን ባዶ ጠርሙስ ነው። በግቢያችን አንድ ሕግ ነበር፤ ማን እንዳወጣው አላውቅም። መድኃኒት ያገኘ ሰው ሲሻለው የተረፈውን ወደ አደይ ለተብርሃን ቆርቆሮ ይመልሳል። ሲሻለው ነው፣ ሲጨርስ አይደለም። አሥር ቀን ውሰድ ተብሎ በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ የለቀቀው ሰው፣ በአምስተኛው ቀን ቢውጥ ከሌላ ሰው ልጅ አፍ የነጠቀ ያህል ይታይ ነበር። ስግብግብ ይባላል። ስለዚህ ቆርቆሮው ሁልጊዜ ግማሽ በተበሉ እሽጎች የተሞላ ነበር፤ ይህም የግቢያችን ኩራት ነበር። ሌሎች ግቢዎች እንዲህ አይተሳሰቡም እንል ነበር።

ቆርቆሮው በአደይ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቁልፉ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። አደይ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ እኔ ተሾምኩ።

ሹመቴን ያገኘሁት በሥራዬ ነው። ከግቢው አንዷን ክፍል የተከራየ አንድ የመንግሥት ጦር አስታማሚ ነበር፤ ቃኘው ጦር ሰፈር እየተመላለሰ የሚሠራ፣ ዝምተኛ ሰው። ጦሩ በተበተነበት ጠዋት አንድ ከረጢት መድኃኒትና አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለአደይ ትቶ፣ «ተመልሼ እወስደዋለሁ» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። መዝገበ ቃላቱን እኔ ወሰድኩት። ትምህርት ቤታችን ወታደር ገብቶበት ከተዘጋ ቆይቶ ነበር፤ ሌሎች ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን የመድኃኒት ወረቀት ቃል በቃል ፈታሁ። ከደብተር ወረቀት ትንንሽ ኪሶች ሠርቼ በአማርኛ ጻፍኩባቸው፤ «ለራስ ምታት»፣ «ለቁስል»፣ «ለሆድ»፣ «ለእንቅልፍ»። እንዲህ ያለ ሥራ በአሥራ አምስት ዓመቱ የሠራ ሌላ ልጅ በአስመራ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

እያንዳንዱ ወረቀት ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው መድኃኒቱ ለምን እንደሚጠቅም ይናገራል። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ፣ የሚያወራው ሁሉ ክፉ፤ ማዞር፣ ማስመለስ፣ ትንፋሽ ማጠር። ይህን ሁለተኛ ክፍል ሰዎች መድኃኒቱን ቶሎ እንዳይጨርሱት ለማስፈራራት የጻፉት መሰለኝ። በሰፈራችን ዱቄት ሲያንስ ዳቦ ጋጋሪው «የዛሬው ሆድ ይነፋል» ይል ነበርና፣ ፋብሪካም እንደዚያው ነው ብዬ ደመደምኩ። በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት። ቆርቆሮው ውስጥ የሚጠቅመው ብቻ ቀረ።

የእሽጎቹንም ዕድሜ እመረምር ነበር። ጀርባቸው ላይ የሚያልፉበት ዓመት ተጽፏል፤ በአብዛኞቹ ላይ ሰማንያ ስምንት ወይም ሰማንያ ዘጠኝ ይላል። በትምህርት ቤት ስንቆጥረው የነበረው ዓመት ሰማንያ ሦስት ነው። ገና አምስት ስድስት ዓመት አላቸው። ይህን ለአደይ ሳበስራቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

በዚያ ክረምት ከተማው ሁሉ ሌላ ከተማ ሆኖ ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ ከሜዳ የተመለሱ ተጋዳዮች በየመንገዱ ይታያሉ፤ አጭር ሱሪ፣ የላስቲክ ጫማ፣ ያልተበጠረ ጠጉር፤ ከሁሉም በላይ እርጋታቸው። በየግቢው እልልታ ይሰማል፤ የእገሌ ልጅ መጣ፣ የእገሌ እኅት መጣች። አደይ ለተብርሃን ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ተስፋይ ወደ ሜዳ ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው። ትንሹ ዮናስ የእኔ ጓደኛ ነው፤ በሁለት ወር እበልጠዋለሁ። በግቢያችን ወንድም ወይም ልጅ ከሚጠብቁት ሦስት ቤቶች ሁለቱ እንግዳቸውን ተቀበሉ። ተስፋይ አልመጣም። አልመጣም ማለት ግን ምንም ማለት አይደለም፤ ማኪና በየቀኑ ይገባል። አደይ ምግብ ቀርቦላቸው ካንቸሎው በተንኳኳ ቁጥር ጉርሻቸውን ወደ ሳሕኑ ይመልሱ ነበር። ዓይናቸው ቀልቶ ሳይ ከ«ለእንቅልፍ» ኪስ ግማሽ ክኒን አወጣሁላቸው። ከምሳ በኋላ ወስደው ተኙ። «ስነቃ ዓለም ቀለለኝ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ግማሽ ግማሽ እሰጣቸው ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሓኪም ጽገ ወደ ሰፈራችን መጣች። በሜዳ ቁስለኛ ስታክም የኖረች ተጋዳሊት ናት፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። በቀድሞው የቀበሌ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ወጣቶች ስለ መድኃኒት ልታስተምር ነው ተባለ። እኔ የሄድኩት ለመማር አልነበረም። ምን ያህል እንደምታውቅ ልፈትናት ነው።

ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። መሬት ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ እኛንም አስቀመጠችን። አንቱ ያላትን ልጅ «አንቺ በለኝ፣ ገና አላረጀሁም» አለችው። የመጀመሪያ ቀን ብዙ አልተናገረችም፤ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤታችሁ ያለውን መድኃኒት ይዛችሁ ኑ» ብላ አሰናበተችን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎቹ በኪሳቸው አንድ አንድ እሽግ ይዘው መጡ። እኔ ቆርቆሮውን በሁለት እጄ ተሸክሜ ገባሁ። መሐል ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት፤ ኪሶቼን በመልክ በመልካቸው ደረደርኩ። ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ሓኪም ጽገ ኪሶቹን አንድ በአንድ እያነሣች ጽሕፈቴን አነበበች።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ጎበዝ ነህ» አለች፤ የምሯን ነው። ይህን እዚህ መጻፍ አለብኝ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ብዙም አያስደስተኝም። የ«ለቁስል»ን እሽግ አንስታ ገለበጠችው። «ይሄ የሚያልፈው መቼ ነው?»

«በሰማንያ ዘጠኝ። ስድስት ዓመት ይቀረዋል።»

«በየትኛው አቆጣጠር?»

«በእኛ።»

«መድኃኒቱን የሠሩት እነማን ናቸው?»

«ፈረንጆች።»

«ፈረንጅ በማን አቆጣጠር ይጽፋል?»

ከኋላ አንዱ በሹክሹክታ ሲቆጥር ይሰማኛል። ከዚያ ሳቁ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ መላውን ክፍል ያዘ። «ዶክተር» አለ አንዱ፣ «ጎረቤቶችህን በየትኛው አቆጣጠር ነው የምታክማቸው?»

ሓኪም ጽገ አልሳቀችም። «ይህ መድኃኒት ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል» አለች። «ይሄኛውማ ሲያረጅ ኩላሊት ይጎዳል።» ቀጥላ «ለእንቅልፍ» የሚለውን ኪስ ከፈተች፤ ፊቷ ተለወጠ። «ይሄን ለማን ሰጠህ?»

«ለማንም» አልኩ።

«ስሙ» አለች ወደ ሁላችን ዞራ። «ሜዳ ላይ ጥይት ያልጣለውን ሰው መርፌ ሲጥለው አይቻለሁ። የቆሰለ ጊዜ ለሕመሙ የተሰጠው ነበር። ሕመሙ ሄደ፣ እሱ ግን መርፌውን መተው አቃተው። የሚያስተኛና የሚያደነዝዝ መድኃኒት እንግዳ ይመስላል፤ ሲለመድ ግን ባለቤት ይሆናል። ቆርቆሮውን እኔ ጋ ተወው፣ በረኸት።»

«የሰው ነው። ሳላስፈቅድ አልተውም» አልኩና ሰብስቤ ወጣሁ። ጆሮዬ እስከ ቤት ድረስ ይነድ ነበር።

አደይ ደጃፉ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። «ምን አለች ሴትዮዋ፣ ወደይ፣ ልጄ?»

አፌ ከሐሳቤ ቀደመ። «ሁሉንም አየችው። ደህና ነው አለች። ጎበዝ ነህ ብላኛለች።»

የመጨረሻው እውነት ስለነበረ የቀረውም ውሸት አልመስል አለኝ። ከግቢያችን አዳራሹ የሄድኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የሚያጋልጠኝ አልነበረም። ዮናስ እንኳ እንደ ልማዱ ፌርማታ ላይ ነበር።

ዮናስ ከጠዋት እስከ ማታ ከሩቅ የሚመጡ ማኪናዎች የሚቆሙበት ፌርማታ ላይ ይቀመጣል። የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ያያል። በማግስቱ ባኒ የምንለውን ዳቦ ይዤለት ሄድኩ።

«ስንት ማኪና አለፈ?»

«አሥራ አራት። አንዱ ሰውዬ ከኋላው እሱን መስሎኝ ተከትዬው ሮጥኩ። ዞር ሲል ጥርሱ ወርቅ ነው።» ባኒውን ሳይበላ በእጁ ይፈረፍራል። «ለእናቴ የሰጠሃትን ለእኔም ስጠኝ። ከተኛሁ ስንት ቀኔ መሰለህ።»

«እሱ ለትልቅ ሰው ነው።»

«አንተ በሁለት ወር በልጠኸኝ ዶክተር ሆነሃል። እኔ በሁለት ወር አንሼ ትልቅ ሰው መሆን ያቅተኛል?»

ሳቅኩ። ትናንት አዳራሽ ሙሉ ሰው ስቆብኝ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰው ይለምነኛል። «ግማሽ ብቻ» አልኩት።

«ግማሽ።»

በበነጋው መጥቶ አቀፈኝ። «እንደ ሕፃን ተኛሁ። በእውነት ዶክተር ነህ» አለኝ። ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ሁለተኛ ቀን ሰጠሁት፣ ሦስተኛም። በአራተኛው «በቃህ» አልኩት። «እወ፣ በቃኝ» አለ፤ ከዚያ በኋላም አልጠየቀኝም። ዳነ ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ያዳንኩት ሰው ብዬ እንኳ ቆጥሬው ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኪሱን ሳነሣ ቀለለኝ። የብርማ ወረቀቶቹን ቆጠርኩ፤ ግማሽ ያህሉ የሉም። አደይ ከምሳ በኋላ የእኔን ግማሽ ክኒን ውጠው ሲተኙ፣ ዮናስ ቁልፉን ከነጠላቸው ይፈታ ነበር። እናቱን ያስተኛሁለት እኔ ነኝ።

ፌርማታው ላይ አሁን ብቻውን አይቀመጥም። ሦስት አራት ልጆች አብረውት ናቸው። ቀልድ ሲነገር እሱ ዘግይቶ ይስቃል፤ ሌሎቹ ጨርሰው ዝም ሲሉ። ማኪና ቆሞ ሰው ሲወርድ አንገቱን አያነሣም። አንድ ቀን ሰባት ሰዎች ወረዱ፤ አንዳቸውንም አላየም።

«ዮናስ፣ ያለፈውን አየኸው?»

«የቱን?» አለኝ፤ ምላሱ በአፉ ውስጥ የወፈረ ይመስላል።

ልነግር ይገባኝ ነበር። ለአደይ ብነግር ሓኪም ጽገ ደህና ነው አላለችም ማለቴ ነው። ለሓኪም ጽገ ብነግር ለማንም አልሰጠሁም ያልኩት ይወጣል። ቆርቆሮው ይሄዳል፤ ዶክተርነቴም አብሮ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እነግራለሁ እያልኩ ሦስት ቅዳሜ አለፈ። በሦስቱም አዳራሹ ድረስ ሄጃለሁ፤ በመስኮት አይቼ ተመልሻለሁ።

በአራተኛው እሑድ የጎረቤት ግቢ ልጅ ከሜዳ ተመለሰች፤ በቀን ዳስ ተጣለ። ሰዉ ሁሉ፣ ሓኪም ጽገም ጭምር፣ እዚያ ነው፤ ስዋ የምንለው ጠላ በቆርቆሮ ይዞራል፣ ከበሮ ይመታል፣ የጓይላው ጭፈራ ክብ ሠርቶ ይዞራል። አደይ ለተብርሃን እንኳ ነጠላቸውን አደግድገው ገቡበት። የሌላ ሰው ልጅ ስትመለስ እንዲያ መጨፈር ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አልገባኝም፤ ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ዮናስ የለም። ፈልጌ ከዳሱ ጀርባ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ አገኘሁት፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ። ስጠራው አልመለሰም። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ቆመዋል።

«ስዋ ነው። ይተኛበት» አለ አንዱ።

«ወተት ብታጠጡት ያበርድለታል» አለች ሌላዋ፤ ልታመጣም ሄደች።

ከሸሚዙ ኪስ የብርማ ወረቀት አየሁ። አወጣሁት። ባዶ ጉድጓዶቹን ቆጠርኩ፤ ስድስት። መድኃኒቱ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚናገረውን ክፍል እኔው በመቀስ ቆርጬዋለሁ። ግን ቆርጬ ከመጣሌ በፊት አንብቤው ነበር። አንድ መስመር መጣልኝ፤ ከመጠጥ ጋር አይወሰድም የሚል።

ጓይላው ውስጥ ገብቼ ሓኪም ጽገን በክንዷ ጎተትኳት። ከበሮው ስለሚጮህ በጆሮዋ ነገርኳት። አብራኝ ሮጠች። ዮናስን በጎኑ አስተኛችው፣ አፉን በጣቷ ጠረገች፣ አገጩን ወደ ላይ አቀናች። ወተቱ ደርሶ ነበር።

«መልሱት። ራሱን በሳተ ሰው አፍ የሚገባ ነገር ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው» አለች፤ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ወሰደ?»

«ዲያዜፓም፣ የእንቅልፉን።»

«ስንት?»

«ስድስት።»

«ገምተህ ነው?»

«ቆጥሬ ነው። ወረቀቱ ይኸው።»

«መቼ?»

«ከምሳ ወዲህ። ጠዋት አብረን ውሃ ቀድተናል፣ ደህና ነበር። ስዋም ጠጥቷል።»

«ከየት አገኘው?»

ቀና ስል አደይ ለተብርሃን ከጀርባዋ ቆመዋል፤ ከጭፈራው ገና እያለከለኩ።

«ከእኔ» አልኩ።

በአንድ ተጋዳይ ማኪና ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አገጩን ይዤ ነበር። ሓኪም ጽገ ትንፋሹን ቁጠር ብላኛለች። አንድ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ሌላው እስኪመጣ መንገዱ ላይ ያሉት ጉድጓዶች፣ የመንገድ ዳሩ ዘንባባዎች፣ የአደይ ምሕላ፣ ሁሉም ያልፋሉ። ከዚያ ሁለት። በሕይወቴ ብዙ ነገር ቆጥሬአለሁ፤ እንደዚያ የረዘመ ቁጥር አላውቅም።

ሐኪሞቹ ወስደውት ከገቡ በኋላ ከአደይ ጋር ኮሪደሩ ውስጥ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እግሬ መሬት እየነካ እንኳ ሕፃን የሆንኩ መሰለኝ።

«ሴትዮዋ ደህና ነው አለች ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«ዋሸሁ።»

«ለምን?»

«ልጆቹ ስቀውብኝ ነበር።»

«ስለ ሳቁብህ?»

«እወ፣ አደይ።»

ይመቱኛል ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። አልመቱኝም። በነጠላቸው ጫፍ ያለውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱ። «አንዱን ልጄን ለሜዳ ሰጠሁ» አሉ። «ይሄን ደግሞ ለሳቅ ልሰጠው ነበር።» ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩ። «ለሴትዮዋ አንተው ስጣት።»

ሰጠኋት። ዮናስ የነቃው በማግስቱ ጠዋት ነው። አልጋው አጠገብ ቆሜ ምን እንደምለው ሳስብ ቀደመኝ።

«ተስፋይ መጣ?»

«አልመጣም።»

ዓይኑን ጨፈነ፤ ተመልሶ ከፈተው። «ግማሽ ብለኸኝ ነበር፣ ዶክተር። የስንት ግማሽ እንደሆነ አልነገርከኝም።»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። አጠገቡ የነበረችው ነርስ ለሁለታችንም ሻሂ አመጣችልን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሓኪም ጽገ አዳራሹ መሐል አቆመችኝና «እንዳለ ንገራቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። የሳቀ የለም። ፌርማታ ላይ ከዮናስ ጋር ይቀመጡ ከነበሩት ልጆች አንዱ ተነሥቶ ከካልሲው ውስጥ ሁለት ክኒን አውጥቶ ፊቴ አኖረ። ከዚያ በኋላ ሓኪም ጽገ አባቶችን ሰብስባ፣ የዋጠውን ነገር እውነቱን የሚናገር ልጅ እንዳይገረፍ ቃል አስገባቻቸው። «ታዲያ ማንን ልንገርፍ ነው?» አሉ አንድ አዛውንት። «የሚናገር ልጅ ይተርፋል፣ አቦይ፤ የሚፈራው ነው ዝም ብሎ የሚሞት» አለቻቸው። ቃል ገቡ፤ ቅር እያላቸው።

አደይ ለተብርሃን በዚያው ወር ደረታቸውን ታመሙ። ሓኪም ጽገ አዲስ መድኃኒት አስገኘችላቸው፤ ለአሥር ቀን። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱና ሳሉ ለቀቃቸው። እሽጉን አጥፈው «ለሌላ ሰው ይሁን» ሲሉ ደረስኩ።

«አይፋል፣ አይሆንም፣ አደይ። አሥር ቀን ነው።»

«ድኛለሁ እኮ፣ ወደይ። የዳነ ሰው እንዴት መድኃኒት ይበላል?»

«ትኩሳቱ ነው የሄደው። የተኛው በሽታ ሲነሣ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ ይሄ መድኃኒት ለእርስዎም ለሌላም አይሆንም።»

«ይሄንንስ ከየት አገኘኸው?»

«ያኛውን የወረቀቱን ክፍል አነበብኩ።»

ጎረቤት እንዳያያቸው በሩን ገፋ አደረጉና ዋጡ። እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ በየቀኑ እየሄድኩ ሲውጡ አይ ነበር፤ በየቀኑ ሌባ የተያዘ ያህል ያፍሩ ነበር። በአሥረኛው ቀን ባዶውን እሽግ በብርሃን አንስተው አዩት። ቆርቆሮው ውስጥ የሚገባ ነገር ያልተረፈበት የመጀመሪያው እሽግ ነበር።

በዚያ ክረምትና በተከተለው መኸር የሠራሁትን እነሆ እዘረዝራለሁ፤ ከእኔ በቀር የሚያስታውሰው ስለሌለ።

ከእዳጋ ሓሙስ ግቢዎች አሥራ ሰባት የመድኃኒት ቆርቆሮዎች ለምኜ ሰበሰብኩ፤ የሁለቱ ባለቤቶች አንሰጥም ብለው ውሻ ቢለቁብኝም።

ከአዳራሹ ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ያለፈውን ሁሉ ፈጭተን ከአመድ ጋር ቀበርነው።

በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ጽፌ በአዳራሹ በር ሰቀልኩ። ዶክተር እያለ የሳቀብኝ ልጅ ሰሌዳውን ቀለም ቀባልኝ።

የቆረጥኳቸውን የማስጠንቀቂያ ክፍሎች እያስታወስኩና ሓኪም ጽገን እየጠየቅኩ በአማርኛና በትግርኛ እንደገና ጻፍኳቸው፤ በትልልቅ ፊደል።

አርባ ያህል ወጣቶችን «ምን፣ ስንት፣ መቼ፣ ከምን ጋር» የሚሉትን አራት ጥያቄዎች በቃላቸው አስያዝኩ።

አደይ ለተብርሃንን አሥር ቀን አስጨረስኩ። ይህን ከሁሉ አስበልጬ የምቆጥርበት ጊዜ አለ።

የቢስኮቲውን ቆርቆሮ በአመድና በሳሙና ሰባት ጊዜ አጥቤ ባዶውን መለስኩላቸው። ሽታውን ማስለቀቅ አልቻልኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዮናስ ፌርማታው ላይ ሳለ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ግማሽ ብቻ፣ ለዛሬ ብቻ» አለኝ። የለኝም አላልኩትም፤ ከየት እንደማገኝ አውቅ ነበር። አልሰጥህም አልኩት። አጠገቡ ተቀመጥኩና እስኪመሽ ድረስ አብሬው ማኪና ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ነበሩ። ከእያንዳንዱ የወረደውን ሰው ፊት ሁለታችንም አየን።